መስከረም 10 ቀን 1932 ዓ.ም.፦ የአንድ የጦርነት ቀን የሬዲዮ ውሎ፣ ለጎጃም ድራማ ሠሪዎች

ሐሙስ መስከረም 10 ቀን 1932 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 21 ቀን 1939) ደብልዩ ጄ ኤስ ቪ የተባለው፣ ሲቢኤስ በሚባለው የጣቢያዎች መረብ (ኔትወርክ) ውስጥ ያለው የዋሽንግተን ሬዲዮ ጣቢያ ከማለዳ ጀምሮ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ያስተላለፈው ነገር በሙሉ በዲስክ ተቀርጿል። የሳሙና ማስታወቂያው፣ የባልና ሚስት ጭቅጭቁ፣ የወጥ አሠራሩ፣ የቤዝቦል ጨዋታው፣ የዳንስ ኦርኬስትራው፣ ዜናው፣ ሁሉም አለ። ቅጂው ለአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገብቶ ዛሬ ማንም ሊያዳምጠው ይችላል። ርዝመቱ ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል። ከዚያ ዘመን ሬዲዮ የተረፈልን ድምፅ አብዛኛው የታላላቅ ሰዎች ንግግር ወይም ተመርጦ የተቀመጠ ድራማ ነው። አንድ ቀን ከነግሳንግሱ ሲገኝ ግን ብርቅ ነው።

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የሬዲዮ ድራማ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ቀን የሚያገኘው ነገር አለ፤ በተለይ የአርበኞችን ዘመን በድምፅ ለመሥራት የሚያስብ። ጽሑፉ የሚከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው፦ ሰው በጦርነት ጊዜም ሬዲዮኑን የሚከፍተው ለለመደው ነገር ነው፤ ጦርነቱ የሚደርስበት የለመደውን ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ የጦርነት ቀን ድራማ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ልማዱን ነው። ጥይቱ ኋላ ይደርሳል።

ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል። በዋሽንግተኑ ሰዓት ላይ 8 ሲደመርበት የጎጃሙ ይወጣል።

ቀኑ በሁለቱ አገር

ጀርመን ፖላንድን ከወረረች 3 ሳምንት ሊሞላ ነው። ወረራው የተጀመረው ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ነበር፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከሁለት ቀን በኋላ ጦርነት አወጁ፤ ሶቪየት ኅብረት ደግሞ መስከረም 6 በምሥራቅ በኩል ገባች። ዋርሶ ተከባለች፣ ግን እጇን አልሰጠችም። በዚያችው ሐሙስ የሩማንያው ጠቅላይ ሚኒስትር አርማንድ ካሊኔስኩ ቡካሬስት ውስጥ ተገደሉ። አሜሪካ ዳር ቆማ ትመለከታለች፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለኮንግረስ ንግግር እንደሚያደርጉ ቀድሞ ተነግሯል።

በጎጃም ቀኑ ተቀጸል ጽጌ ነው። አደይ አበባ ሜዳውን ሞልቶታል፣ ዓባይ ገና አልጎደለም። እዚህ ጦርነቱ ከተጀመረ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስንና ሌሎች ከተሞችን በምሽግ ይዟል፤ ገጠሩ ግን በአብዛኛው በአርበኛው እጅ ነው፦ በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ኃይሉ በለው በየአገራቸው ተሰማርተዋል። ዋሽንግተን ላይ የማለዳው ፕሮግራም ከጠዋቱ 12፡30 ሲሰማ በእኛ አገር ከቀኑ 8፡30 ነበር። ዓለም በነሐሴ መጨረሻ «ጦርነት ተጀመረ» ሲል እዚህ የሰማው ሰው ምን እንዳለ መገመት አይከብድም።

ከማለዳ እስከ ምሳ፦ የ15 ደቂቃ ሰንሰለት

ማለዳውን የያዘው አርተር ጎድፍሬይ ነው። ሰዓት ይናገራል፣ ሸክላ ያጫውታል፣ የሚያነበውን ማስታወቂያ ራሱ እየቀለደ ያነበዋል። ስፖንሰሩ ይቆጣል ተብሎ የሚፈራው ቀልድ አድማጭ የሚያመጣው ሆኖ ተገኘ። አቀራረቡ ዛሬ በየኤፍኤሙ የምንሰማው የማለዳ ወግ አያት ነው።

ከጠዋቱ 2፡45 ግድም ጀምሮ የቀኑ ዋና ነገር ይመጣል፤ ተከታታይ ድራማ። እያንዳንዱ የ15 ደቂቃ ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ በዚያችው ሰዓት ይሰማል። በዚያን ቀን ብቻ ከ15 የሚበልጡ ተከታታይ ድራማዎች አሉ። መሀል ላይ የወጥ አሠራርና የገበያ ምክር ጣል ጣል ተደርጓል። ስማቸው «ሶፕ ኦፔራ» የተባለው ገንዘቡን የሚከፍሉት በብዛት የሳሙና ፋብሪካዎች ስለነበሩ ነው። አንደኛው ከ35 ዓመት በላይ የሆናት ሴት ፍቅር ታገኝ ይሆን ወይ እያለ ከ1933 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ 27 ዓመት ጠየቀ። ከቀትር በ6 ሰዓት የሚሰማው ደግሞ የአንድ አይሁዳዊ ስደተኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ገርትሩድ በርግ ራሷ ትጽፈዋለች፣ ራሷም እናቲቱን ሆና ትጫወታለች። የአውሮፓ አይሁድ እጣ በሚወሰንበት ሳምንት ያቺ እናት በአይሁድ ስደተኛ ዘዬዋ ስለ ቤቷ ጉዳይ ታወራለች። የዛሬ አድማጭ ይህን ሲሰማ ጀርባው ይቀዘቅዛል፤ በጊዜው ግን የዕለት ወሬ ነበር።

የ15 ደቂቃው አከፋፈል ለሙያው ሰው የወርቅ ያህል ነው። ልኩ ከድራማ ድራማ ይለያያል፣ አጥንቱ ግን ይህን ይመስላል። ኦርጋኑ መክፈቻውን ለ15 ወይም ለ20 ሰኮንድ ይጫወታል። አስተዋዋቂው ሳሙናውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ያሞግሳል። ከዚያ «ባለፈው እንዲህ ሆኖ ነበር» የሚለው ማስታወሻ 30 ሰኮንድ ይወስዳል። ታሪኩ ከ10 እስከ 11 ደቂቃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ትዕይንት፣ ሦስት ወይም አራት ድምፅ። መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ማስታወቂያ፣ ነገን የሚያስናፍቅ ጥያቄ፣ እንደገና ኦርጋን። ጣቢያው ስሙን የሚጠራበት ጥቂት ሰኮንድም መትረፍ አለበት። ሁሉም በቀጥታ ነው የሚተወነው። ትላልቆቹ ኔትወርኮች በቅጂ ማስተላለፍን አይፈቅዱም ነበርና ለምዕራቡ ዳርቻ አድማጭ ያንኑ ድራማ ዳግመኛ መተወን የተለመደ ነበር።

በ10 ደቂቃ ውስጥ ታሪኩ አይራመድም፤ ሆን ተብሎ ነው። አንዲት ሴት ደብዳቤ ታነባለች፣ ጎረቤቷ ትገባለች፣ ስለ ደብዳቤው ያወራሉ፣ ስልክ ይደወላል፣ ያልቃል። አድማጯ ልብስ እያጠበች፣ ሕፃን እያጠባች፣ ከክፍል ክፍል እየተመላለሰች ስለሆነ ሦስት ደቂቃ ቢያመልጣት የሚጠፋባት ነገር መኖር የለበትም። የእኛ ጸሐፊዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሠርግ፣ ክህደት፣ ግድያና እርቅ ይጨምቃሉ። ቡና እየቆላች ለምታዳምጥ ሴት ያ ከፍልፈል ጉድጓድ አይሻልም፤ አንዴ እግሯ ከገባ አትወጣም።

ከቀኑ 8 ሰዓት፦ ጦርነቱ ገባ

ከቀኑ 7፡45 አጭር ዜና አለ። 8 ሰዓት ላይ ማይክሮፎኑ ወደ ኮንግረስ አዳራሽ ይዞራል። ሩዝቬልት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ለተዋጊ አገሮች መሣሪያ መሸጥን የሚከለክለው የገለልተኝነት ሕግ ይነሣ። ያን ሕግ ኮንግረስ በማውጣቱ እንደሚያዝኑ፣ ራሳቸውም በመፈረማቸው እኩል እንደሚያዝኑ ይናገራሉ።

ጎጃም ተቀምጦ ይህን ቅጂ የሚሰማ ሰው እዚህ ላይ ቴፑን ማቆሙ አይቀርም። የተጸጸቱበት ሕግ የተፈረመው ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. ነበር። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ፤ ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው ከሁለት ቀን በኋላ፣ መስከረም 24፣ በኢትዮጵያና በጣሊያን ጦርነት ላይ ነው። በወረቀት ለሁለቱም እኩል ክልከላ ነው፤ የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካ ላለውና ለሌለው ግን እኩል አልነበረም። ንግግሩ ሲሰማ በጎጃም ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። አርበኛው ከወራሪ የማረከውን ጠመንጃ እየወለወለ ባለበት ሌሊት የጸጸቱ ቃል በዋሽንግተን አየር ላይ ነበር። ክልከላው ጥቅምት 24 ቀን 1932 ዓ.ም. ተነሣ፤ የተነሣው ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ሲባል ነው።

ወደ ፕሮግራሙ እንመለስ። ንግግሩ እንዳለቀ ከ8፡40 ግድም የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዱዋር ዳላዲዬ ይከተላሉ። ከዚያ ማብራሪያ ይመጣል። 9፡15 ሲሆን ግን ተከታታይ ድራማው ካቆመበት ይቀጥላል፤ አንዲት ወጣት ስለ ሥራዋና ስለ ፍቅሯ ታስባለች። ከ9፡30 ዜና አለ፤ ዜናው አልቆ የሚቀጥለው ድራማ እስኪጀምር ያለችው ሦስት ደቂቃ ያህል በሙዚቃ ተሞልታለች። 10 ሰዓት ላይ የዋሽንግተንና የክሊቭላንድ የቤዝቦል ጨዋታ ይቀጥላል።

ይህ አንድ ሰዓት ከሩብ ከቀኑ ሁሉ አስተማሪው ነው። መቋረጡ ራሱ አይደለም ትምህርቱ፤ ማንም ያቋርጣል። ጣቢያው ከተቋረጠ በኋላ ወደ መደበኛው ሰዓት እንዴት እንደተመለሰ ነው መታየት ያለበት። ንግግር በደቂቃ አይታዘዝም፤ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ቢያጥር ክፍተቱን የሚሞላ ነገር በተጠንቀቅ መኖር ነበረበት፤ በዚያ ዘመን ኔትወርኮቹ ፒያኖ ተጫዋች ስቱዲዮ ውስጥ አስቀምጠው ነበር የሚጠብቁት። ቢረዝም የትኛው ፕሮግራም እንደሚቆረጥ አስቀድሞ ይወሰናል። በሙዚቃ የምትሞላው ሦስት ደቂቃ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ባትኖር ኖሮ ግን ድራማው ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ይጀምራል፤ በሰዓቷ የከፈተችው አድማጭ መክፈቻውን ታጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይዛነፋል።

በንግግሩ ምክንያት ቦታውን የተነጠቀው ድራማስ? የዚያን ቀን ክፍል ያልሰማች አድማጭ በማግስቱ ስትከፍት እንዳትደናገር ማስታወሻው መሥራት አለበት። ያ 30 ሰኮንድ እንደ ጌጥ ሊታይ አይገባም፤ መድን ነው። ማስታወሻውን ተራኪው ሳይሆን ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ በጨዋታ መሀል ቢናገረው ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ግን ጊዜ ይበላል፣ ሁለት እጥፍ ያህል።

ምሽቱ

ምሽቱ በጥድፊያ ሊታለፍ ይችላል፣ አብዛኛው መዝናኛ ነው። 12 ሰዓት ላይ ከዘመኑ ዝነኛ ፕሮግራሞች አንዱ ይመጣል፤ ሁለት ነጮች፣ ፍሪማን ጎስደንና ቻርልስ ኮረል፣ ጥቁር መስለው የሚተውኑበት ቀልድ። ከሙያ አንጻር የድምፅ አለዋወጣቸው ብልሃት አለበት፤ ከሌላው አንጻር ዛሬ ለማዳመጥ ያስከፋል፣ ሊያስከፋም ይገባል። ከ1 ሰዓት የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ከ1፡30 አስገራሚ ነገሮች፣ ከ2 ሰዓት ሜጀር ቦዊስ የሚመራው የአማተሮች ሰዓት። ቦዊስ ጎንግ ነበረው፤ ደካማ ተወዳዳሪ ሲመጣ ይመታና ያስቆማል። አዝማሪ ቤት ተጫዋቹን በግጥም የሚያስቆም ታዳሚ ላደገበት አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት የኮሎምቢያ ዎርክሾፕ ይሰማል። ስፖንሰር የለውም፤ ኔትወርኩ በድምፅ አዲስ ነገር ለመሞከር ያቋቋመው ነው። ከዜናው በኋላ፣ 4፡30 ላይ፣ የቀኑ የሩዝቬልት ንግግር በቅጂ ዳግመኛ ይተላለፋል። ቅጂ አንፈቅድም የሚለው ደንብ ላላ ያለው ቀን ሥራ ላይ ለዋለ ሰው ሲባል ነው። ከ5፡30 ጀምሮ ከየሆቴሉና ከየክለቡ በስልክ መስመር የሚመጣ የዳንስ ሙዚቃ አለ። የመጨረሻው ከ6፡30 የሚጀምረው የሉዊ ፕሪማ ኦርኬስትራ ነው። ፕሪማ ጥሩምባውን ሲነፋ በጎጃም ዓርብ መስከረም 11 ከጠዋቱ 2፡30 ሆኗል፤ ከብቱ ተሰማርቷል።

እንዴት ተቀረጸ

ማግኔቲክ ቴፕ ገና አሜሪካ አልገባም። በዘመኑ ጣቢያዎች የሚቀርጹት ባለ 16 ኢንች ዲስክ ላይ ነው፤ አሉሚኒየም ሆኖ በላዩ ላከር የተቀባ፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር የሚዞር፣ በአንድ ገጽ 15 ደቂቃ የሚይዝ። 19 ሰዓት ማለት ወደ 76 ገጽ ማለት ነው። አንዱ ገጽ ሳያልቅ ሁለተኛው ማሽን መጀመር አለበት፤ አለዚያ ቃል ይቆረጣል። መርፌው ላከሩን ሲፍቅ እንደ ፀጉር ያለ ቀጭን ፍቅፋቂ ይወጣል፤ ሠራተኛው ያለማቋረጥ ካልጠረገው መርፌው ሥር ይጠቀለልና ቅርጹን ያበላሻል። ላከሩ ለስላሳ ስለሆነ በተጫወተ ቁጥር ይጎዳል፤ ዛሬ በቅጂው ላይ የሚሰማው ጫጫታ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህን ማወቅ ለድራማ ሠሪ ጥቅም አለው። «የድሮ ሬዲዮ» ለማስመሰል ሲፈለግ ስቱዲዮዎቻችን የሚጨምሩት ነገር ጭርርታና ፍንጥርጥር ነው። ያ የዲስኩ ቁስል ነው። በዚያን ቀን ዋሽንግተን ቤቷ ተቀምጣ የከተማዋን ጣቢያ ትሰማ የነበረች ሴት ጥርት ያለ ድምፅ ነበር የምትሰማው። ጠባብ ነበር እንጂ የቆሸሸ አልነበረም። ስለዚህ ጭርርታውን ትቶ ከ150 ሄርዝ በታችና ከ5,000 ሄርዝ በላይ ያለውን መቁረጥ ይበቃል። የመብራት ሬዲዮ ሲከፈት ቫልቮቹ (አምፑል የሚመስሉት የውስጥ ክፍሎቹ) እስኪግሉ ከ20 እስከ 30 ሰኮንድ ይፈጃል፦ መጀመሪያ ቀጭ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ለስላሳ እምምታ፣ ከዚያ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው እያደገ ይመጣል። ይህ አንዲት ሰኮንድ ማስመሰያ ሳይጨመርበት ዘመኑን ይናገራል።

ጎጃም ላይ ለመሥራት

የቀኑን ሙሉ ውሎ መሥራት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ አራት የ15 ደቂቃ ክፍል። ሁለቱ የቤት ድራማ ይሁኑ፣ ሦስተኛው ተጀምሮ በንግግር ይቋረጥ፣ አራተኛው ንግግሩ ካለቀ በኋላ የሚመለሰው ልማድ ይሁን። መቋረጡ ከ35ኛው ደቂቃ በፊት እንዳይመጣ። አድማጩ ሁለት ክፍል እስከ መጨረሻው ሰምቶ የሦስተኛውን መጨረሻ ሲጠብቅ ነው የመቋረጡ ክብደት የሚሰማው።

ለኦርጋኑ ቦታ ማሲንቆ ይስማማል፤ ድምፁን ስቦ መያዝ ይችላልና ከንግግር ሥር ይተኛል፤ ክራር ግን ነጠብጣብ ስለሆነ ቃል ይሸፍናል። ለአንድ ድራማ አንድ ቅኝት ብቻ ይመረጥ፤ አንዱ በትዝታ ከሆነ ሌላው በአምባሰል፣ እንዳይምታታ። የመክፈቻው ዜማ በየቀኑ አንድ ዓይነት፣ 10 ሰኮንድ። በክረምትና በመስከረም እርጥበት ቆዳው ይላላል፣ ጭራውም ይረግባል፤ ቀረጻ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ቆዳውን ከሙቀት አጠገብ ማቆየት፣ ደጋኑን ሙጫ መቀባት፣ ከዚያ መቃኘት። በየ20 ደቂቃው ደግሞ መፈተሽ።

የዚያ ዘመን ተዋንያን የሚቆሙት በሪቦን ማይክሮፎን ዙሪያ ነው። ያ ማይክሮፎን በፊቱና በጀርባው ይሰማል፣ በጎኑ አይሰማም። ሁለት ተዋንያን ፊት ለፊት ተያይተው ይተውናሉ፤ የሚወጣ ሰው ወደ ጎን አንድ እርምጃ ሲሄድ ድምፁ ይደበዝዛል፣ ሲገባም እንዲሁ። ዛሬ በየስቱዲዮው ያለው በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ስለሆነ ይህ አይሠራም። ተዋንያኑ ጎን ለጎን ይቁሙ፤ ለመደበኛ ንግግር ከማይኩ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከደጅ ለሚጣራ ሰው አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ፊቱን አዙሮ። ከደጅ የሚጣራውን ድምፅ በማሽን መቀነስ አያምርም፤ የቀነሰ ድምፅ የቀነሰ እንጂ የራቀ አይመስልም።

ለድምፅ ማስመሰያ የአሜሪካኖቹ ዘዴ የታወቀ ነው፦ የፈረስ ኮቴ በኮኮናት ቅርፊት፣ እሳት በሴሎፋን ጭመቃ፣ የጠመንጃ ተኩስ በቆዳ ትራስ ላይ በቀጭን ዱላ ምት። ኮኮናቱ በሁለት የቅል ክፋይ ይተካል፤ በደረቅ አፈር ላይ ሲመታ በቅሎ ይመስላል፣ በእንጨት ላይ ሲመታ ግን ድልድይ። ዝናብ ሲፈለግ ሽንብራ በሰፌድ ላይ ቀስ ብሎ ይንከባለላል፣ ማይኩ ከሰፌዱ ሥር ይሁን። እውነተኛ ተኩስ መቅረጽ ዋጋ የለውም፤ ማይኩ ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና ጩኸቱ እንደ ሣጥን መውደቅ ይሰማል። በዚያ ላይ የጎጃም አድማጭ ምንሽርን ከአልቤን በጆሮ የሚለይ ነውና ቅርብ ተኩስ ውሸቱን ቶሎ ያወጣል። ራቅ ያለ ተኩስ ይሻላል፤ ዱላውና ትራሱ በሌላ ክፍል ሆነው በሩ ገርበብ ይበል።

የፉከራ ነገርም መነሣት አለበት። በአማርኛ የአርበኛ ድራማ ውስጥ ቀረርቶና ፉከራ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይፈነዳል። እስከ አሥረኛው ደቂቃ ጆሮ ደንዝዟል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ቀረርቶ ይበቃል፤ የሚሻለው ደግሞ ሰው በማይጠብቅበት፣ እህል ሲወቃ ወይም ውኃ ሲቀዳ ከሩቅ የሚሰማው ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የዜና አቀራረብ ነው። ከዚህ ቀን 11 ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ኦርሰን ዌልስ በዚያው በሲቢኤስ ኔትወርክ ድራማን በሰበር ዜና መልክ አቅርቦ አንዳንድ አድማጮችን አስደንግጧል። የድንጋጤውን መጠን ጋዜጦች አጋነውት ነበር፤ ድንጋጤው ራሱ ግን ነበረ። ጥይት የመስማት ልማድ ባለበት አካባቢ የሚሰማ ድራማ ውስጥ የዜና አንባቢ ድምፅ ካለ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ድራማ መሆኑን መናገር ግዴታ ነው። የዜናው አንባቢ የጣቢያው እውነተኛ ዜና አንባቢ ድምፅ መሆንም የለበትም።

የስክሪፕቱ ልክ በቃል ቆጠራ አይያዝ። ከእንግሊዝኛ የተቀዳው «በደቂቃ 150 ቃል» የሚለው ደንብ ለአማርኛ አይሆንም፤ የእኛ አንድ ቃል ባለቤትና ተሳቢ አዝሎ ይመጣል። ተዋንያኑ ጮክ ብለው እያነበቡ በሰዓት መለካት፣ ከዚያ በእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ላይ 40 ሰኮንድ ለትንፋሽና ለድምፅ ማስመሰያ መጨመር ነው የሚያዋጣው። ከየክፍሉ መጨረሻ ላይ ቢቆረጡ ታሪኩን የማይጎዱ አራት ወይም አምስት መስመሮችን በቀይ ማስመር ጥሩ ልማድ ነው፤ ጊዜ ሲያጥር ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ጀርባ በእጅ ምልክት ይዘለላሉ።

የመጨረሻው ወጥመድ ዕቃው ነው። በ1932 ዓ.ም. የጎጃም ትዕይንት ውስጥ እረኛ አንገቱ ላይ ሬዲዮ አንጠልጥሎ የሚሄድበት ስክሪፕት ይገጥማል። ትራንዚስተር ሬዲዮ ገበያ ላይ የወጣው በ1947 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያለው የቫልቭ ሬዲዮ መብራት በሌለበት ቦታ እንዲሠራ ከዝቅተኛው ባትሪ ሌላ 90 ቮልት ያህል የሚሰጥ ከባድ ባትሪ ይፈልጋል፣ አንቴናውም ረጅም ሽቦ ነው። የጣሊያን ጦር በምሽጉ የመገናኛ ሬዲዮ ነበረው፤ የአርበኛው መንደር ግን ወሬ የሚሰማው ከገበያተኛ፣ ከመልእክተኛና ከአዝማሪ ነበር። አርበኛው ከሬዲዮ መገናኛ ጋር የሚገናኝበት ትዕይንት ካስፈለገ በዚያው ዓመት መጨረሻ አለ፦ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ አርበኞችን እንዲረዳ የተላከውን የእንግሊዝ ጦር ቡድን፣ ሚሲዮን 101ን፣ እየመራ ከሱዳን ድንበር ተሻገረ፤ ሰፈሩንም ሰከላ በኩል አደረገ። ይዞት የመጣው መሣሪያ ሙዚቃም ድራማም አያሰማም። በሞርስ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ በትዕይንቱ የሚሰማው ድምፅ የጣት ምት፣ የባትሪ መሙያ ሞተርና ዳር ቆሞ «ምን አለ?» የሚል ሰው ድምፅ ብቻ ነው።